ትርፍ ገመድ

ሦስተኛው ሌሊት ነው።
ማራገቢያው ይዞራል፤
ሰማያዊ መብራት ከጎኑ ይበራል፤
ሁሉም አካል ጤና፣ ሁሉም ነገር ደህና፣
ስክሪኑ ብቻ ነው የጦሳን ጨለማ ያልገፈፈ ገና።
«ምልክት የለም» ይላል፤ ይጠፋል።
ደግሞ ይላል፤ ይጠፋል።
እያዩትስ ማን ያንቀላፋል?

የሁለት ዓመት ዕቁቤ፣ ይኸው፣ ቆርቆሮ ሣጥን።
ማዘርቦርዱ ከመርካቶ በሳሙና አይሱዙ የመጣ፣
ሽታው እስካሁን ያልወጣ፤
ራሙ ከኮምቦልቻ፣ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት፤
ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ፣ አንድ የወልዲያ ልጅ
«ዋስትና የለውም፣ ዱዓ ግን አድርጌበታለሁ» ብሎ
የሸጠልኝ መናኸሪያ በር፣ አውቶቡስ በሚነሣበት ሰዓት።

ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤
ራሙን በእህቴ ልጅ ላጲስ እንደ ወርቅ ጥርስ ጠረግሁ፤
ከፎቶ ኮፒዋ ከእንግዳወርቅ ሞኒተር ለምኜ፣
በዝናብ፣ በፌስታል ሸፍኜ፣ ዳገቱን ተሸክሜ ወጣሁ፤
በእሱም ያው ጥቁር ነው። በጥቁሩ ውስጥ ፊቴን አየሁ።
ባትሪውን አወጣሁ፤ መቶ ቆጥሬ መለስኩት፤
«ልብህን አውልቄ መለስኩልህ፣ እስቲ አሁን ተናገር» አልኩት።

ተናገረ በእርግጥ፦ አንድ ረጅም ጩኸት፣ ሁለት አጭር፤
ከባቲ አይደል፣ ካምባሰል አይደል፣ ቅኝት የሌለው ነገር።

ይመር ከፍራሹ ላይ፣ ብርድ ልብሱን እስካፍንጫው ስቦ፣
«ባቲ ሄደሽ ሁለት ወይፈን ትገዢ ነበር በዚህ ብር»
አለ፣ ወንድም ነውና፣ ለኔ አስቦ።
«ወይፈን ቢያንስ ዐይን አለው፤ ሲርበው ያይሻል።»
መልስ አጣሁ። የሐይቁ ሰርግ ፊልም እሑድ ይጠበቃል፤
የሙሽራዋ አባት ቀብድ ከፍሏል፣
«ደረሰ ወይ?» እያለ በቀን ሦስቴ ይደውላል።

በነጋታው ከመግሪብ በኋላ
ጋሽ ሙሄን ጠራሁት፣ የሰኞ ገበያውን ራዲዮ ሠሪ።
ሰባ ሊሞላው ነው፤ ኮምፒዩተር ነክቶ አያውቅም፤
ገና ከደጅ «አብሽሪ፣
ጦይባ፣ አብሽሪ» አለኝ። ጫማውን አወለቀ፤ ዐይኑን ጨፈነ።
«አስጩኺው።» አስጮህኩት።
ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ጫነ።

«የታመመ እንዲህ አይጮህም» አለ፤ «ይሄ የተራበ ነው።»
«ኮረንቲ ያገኛል እኮ፣ ጋሽ ሙሄ፣ መብራቱ ሁሉ የበራ ነው።»
«ቤቱ በልቷል፤ ያልበላውን ግን ማን ቆጠረ?»
ክዳኑን ከፈተ፤ ገመድ ከገመድ፣ በጣቱ፣
እንደ ተስቢህ መቁጠር ጀመረ።

ከሣጥኑ ጥግ፣ እኔው በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሬ የሰወርኳት፣
ስድስት ቀዳዳ ያላት ጥቁር ጭራ።
«ይቺስ የማን ናት?»
«ትርፍ ናት፤ እንዳታስጠላ ብዬ ነው ያሰርኳት።»
ዝም አለ። የእጅ ባትሪውን ወደ ካርዱ ትከሻ አዞረ፦
ስድስት ቀጫጭን ጥርስ፣ አቧራ የለበሰ፣ ያገጠጠ፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ ከፊቴ የተቀመጠ።
«ጥርስ ካለ ጉርሻ አለው፣ ልጄ።»
በጥፍር መቁረጫ ፈታት።
እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቴ ሳታት።
በሦስተኛው ጠቅ አለች።

አንድ አጭር ጩኸት። ብቻዋን።
ከዚያ ስክሪኑ ላይ ነጭ ፊደል ፈላ፣
ግድግዳው ነጣ፣ የጋሽ ሙሄ ጢም ነጣ፣
የእኔ እጅ ነጣ፤ ቤቱ በብርሃን ሞላ፤

አንዱን መስመር እንኳ አንብቤ ሳልጨርስ
መብራት ሄደ።
ከአራዳ እስከ ቧንቧ ውኃ መንደሩ በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ።
ጋሽ ሙሄ በጨለማው ጫማውን እየፈለገ፣
«በዚህስ የለሁበትም» ብሎ ሳቀ።

ይመር ግን አልሳቀም።
ከፍራሹ ተነሥቶ ተቀምጧል መሰለኝ፣
ድምፁ ከፍ ካለ ቦታ መጣ፦
«አየኝ እኮ» አለ።